ሁለት መቶ አርባ የግራ እጅጌ

ሰው በሰው ቤት ይቀናል፤ በሰው መልክ፣ በሰው ትዳር፣ በሰው ልጅ ይቀናል። ያለ ነገር ነው፣ ማንም አይገረምበትም። አይደክሜ ግን የቀናችው በእህቷ በሽታ ነበር። ያውም ለወጉ ያህል የሚቀኑት ቅናት አይደለም፤ ምግብ የሚዘጋ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ «ይማርሽ» እያሉ ሲስቁ ጉንጭ የሚያሳምም ቅናት።

አይደክሜ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የሥራ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ መቁረጫ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የወጣላት ቅጽል ነው። ያወጣላት ኃላፊው ነው። አንድ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ በጉንፋን አልጋ ሲይዝ እሷ ብቻ አፍንጫዋን እየጠረገች ትዕዛዙን በቀኑ አደረሰች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ባለበት «ይቺ እኮ አይደክሜ ናት» አላት። ምስጋና አንዳንዴ ሰው እንደሚያስር እሱም አላሰበው፣ እሷም አልጠረጠረች። ስሙን ደስ ብሏት ተቀበለችው። ከዚያ ወዲህ «ደከመኝ» ማለት ስም ማጉደፍ ሆነባትና ቃሉን ከአፏ አወጣችው።

መቁረጫ ክፍሉ ረጅም ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ ብርሃን ይገባል እንጂ ውጭው አይታይም። መሃል ላይ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጠረጴዛ አንድ የአይደክሜ ነው፣ ጠረጴዛ ሁለት የታናሽ እህቷ የሚጣ። ሚጣ አርባ ዓመት ሞልቷታል፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ግን ሚጣ ናት። አይደክሜን ደግሞ ሚጣ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ፣ ማለትም ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራት «ትልቋ» ብሎ ነው። «ትልቋ፣ ውሃ አምጪ። ትልቋ፣ እህትሽን ያዢ።» ስምንት ዓመት ምን ትልቅነት አለው?

ሥራው እንዲህ ነው። ጨርቁ ከጥቅሉ እየተፈታ ጠረጴዛው ላይ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ እስከ ስልሳ ንጣፍ ይደርሳል። ከላይ የካርቶን ልክ ይቀመጣል፣ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፣ ከዚያ ስልሳው በኤሌክትሪክ ቢላ ባንዴ ይቆረጣል። አንድ ስህተት ስልሳ ስህተት ነው ማለት ነው። ንጣፉን ሁለቱ እህቶች አብረው ነበር የሚያነጥፉት፣ አንዷ በዚህ ጫፍ አንዷ በዚያ ጫፍ ቆመው። ጨርቁ ወዲያ ሲሄድ ፊቱ ወደ ላይ ይሆናል። ጫፉ ላይ ይታጠፍና ሲመለስ ፊቱ ወደ ታች ይሆናል። እንዲህ ፊት ለፊት ሲገጥም አንዱ የእጅጌ ልክ የግራውንም የቀኙንም ይሰጣል። የሚያጥፉት በእጃቸው እንጂ በጭንቅላታቸው አልነበረም፤ እያወሩ፣ አንዳንዴም እየተኳረፉ ያጥፉታል።

ማታ ማታ በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ጠረጴዛ አንድ ይህን ያህል እሽግ፣ ጠረጴዛ ሁለት ይህን ያህል። ኃላፊው እንዲጻፍ ያደረገው ለዕቅዱ ነው። አይደክሜ ግን ኮቷን ስትለብስ ዓይኗ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ታችኛው ቁጥር ነበር። ሚጣ ከተጠጋቻት በማግስቱ ምሳዋን ቆማ ትጎርሳለች። ደግሞ ትርቃታለች።

ሰውነቷ ግን ሰሌዳ አያነብም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ትነቃለች፤ ልቧ ደረጃ እንደወጣች ሁሉ ይመታል። መንጋጋዋ ያማታል፤ አውቶቡስ ነጂው ባሏ «ጥርስሽን እያፋጨሽ እኔንም ከለከልሽኝ እኮ» ይላታል። ጨጓራዋ ይቃጠላል። ፀጉሯ በማበጠሪያው ተጠምጥሞ ይወጣል። አንድ ቀን የቤቷን ቁልፍ ይዛ ቁልፏን ስትፈልግ ቆየች። ይህን ሁሉ «ዕድሜ ነው» ብላ የራስ ምታት ክኒን እየዋጠች አለፈችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስትተርት ግን ማንም አይቀድማትም።

ሚጣ የወደቀችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ወደቀች ማለት እንኳ አይቻልም፤ ቁጭ አለች። እሽግ ስትቆጥር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለችና ቆመች። እንደገና ከአንድ ጀመረች፤ አራት ላይ ቆመች። በሦስተኛው ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆንሽ ሲሏት «ከአራት በኋላ ያለው ጠፋኝ» ነው የምትለው። አይደክሜ ውሃ አመጣችላት፣ ራሷን ደገፈችላት፣ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። እስከዚያ ድረስ እውነተኛ ታላቅ እህት ነበረች። ነገሩ የተበላሸው ሐኪሟ ወረቀቱን ስትጽፍ ነው።

ለዓመታት የተከማቸ የሥራ ጫና አካሏንም አእምሮዋንም አዝሎታል አለች ሐኪሟ። ስምንት ሳምንት ሙሉ እረፍት ያስፈልጋታል። ሥራ የለም፣ ቁጥር የለም፣ ጠዋት በሰዓት መነሣት የለም።

አይደክሜ «ስምንት ሳምንት» የሚለውን ስትሰማ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ መንቀል አቃታት። መጀመሪያ ድንጋጤ መሰላት። አውቶቡስ ውስጥ ሚጣ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ስታንቀላፋ ነው ምን እንደሆነ የገባት። የምትፈልገው ያንን ወረቀት ነበር። አንድ ሰው ዓይን ዓይኗን እያየ «አንቺ ደክሞሻል፣ ሂጂና ተኚ» እንዲላት ነበር የምትፈልገው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላት ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን እናታቸው ልብሷን በሻንጣ ሸክፋ ሚጣ ቤት ገባች። ይህ ነው የባሰው። እናታቸው ለብቻዋ የምትኖር፣ የሰው ቤት ማደር የማትወድ ሴት ናት። አይደክሜ ልጆቿን ስትወልድ እንኳ ጠዋት መጥታ ማታ ተመልሳለች። «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ ትወጪዋለሽ» ብላ።

እሁድ ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቅ ሄደች። ሚጣ መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፋለች። እናታቸው ጫፉ ላይ ተቀምጣ የሚጣን ፀጉር ታበጥራለች፤ አጠገባቸው የሾርባ ሳህን አለ።

«ይማርሽ» አለች አይደክሜ ቆማ።

«ነይ ተቀመጪ እትዬ» አለች ሚጣ። ድምፅዋ ቀሰስ ብሏል። «ከስተሻል።»

«እኔ ምን ሆኜ እከሳለሁ?»

«ጫማሽን አውልቂና አረፍ በይ።»

«ሥራ አለብኝ። ጠረጴዛሽም እኮ ሰው ይፈልጋል።»

ሚጣ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለብቻሽ ሁለቱን ልትይዢ ነው? እትዬ፣ አንቺም ብትመረመሪ ጥሩ ነበር። ሐኪሟ የነገረችኝን ሁሉ ስሰማ እኮ ያሰብኩት አንቺን ነው።»

አይደክሜ እናቷን አየቻት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

እናታቸው ማበጠሪያውን ሳታስቀምጥ ሳቀች። «ተያት እሷን። እሷ ብረት ናት። ይልቅ ትልቋ፣ ቆመሽ ካለሽ ያንን ሳህን አለቅልቂልኝ።»

አለቀለቀችው። ሳህኑን፣ ማንኪያውን፣ ያልተባለችውን ድስት ጭምር አጠበች። እጇ ሳሙና ውስጥ ሆኖ ከወዲያ የእናቷን ዝቅ ያለ ወሬ ትሰማለች፤ ለሚጣ የምታወራው ወሬ ድምፁ እንኳ ሌላ ነበር። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ልጅ የምታይበት ጊዜ ደርሷል፤ እናቴ ፀጉሬን ለምን አታበጥርልኝም ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ይህን ለማን ይነግሩታል? ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሁለቱንም ጠረጴዛ ያዘች። ማንም አላዘዛትም። ኃላፊው ከስፌት ክፍል አንዲት ልጅ ላምጣልሽ ሲላት «ታዘገየኛለች» አለችው። ያሰበችው ሌላ ነበር። ሚጣን አልጋ ላይ የጣላትን ሥራ እሷ በትርፍ ጊዜዋ እንደምትሠራው ሰሌዳው ላይ እንዲታይ ፈለገች። ስለዚህ በጠረጴዛ ሁለት የቆረጠችውን እሽግ በሚጣ ቲኬት አሰረችው። ቲኬቱ ላይ የጠረጴዛው ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ቀን አይጻፍበትም። ማታ ማታ የጠረጴዛ ሁለት ቁጥር በሚጣ ጊዜ ከነበረው እየበለጠ ሲሄድ አይታ ትስቃለች። የምትስቅበት ምክንያት ለማንም አልታየም፤ የሚታየው ሁለት ሰው የምታክል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሱም ለኃላፊው ደስ የሚያሰኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ተደብቃ ሐኪም ቤት ሄደች። ለባሏ ገበያ ነው ያለችው። እህቷን ያየቻት ያችው ወጣት ሐኪም ናት የተቀበለቻት። አይደክሜ ወረቀት ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ግን የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ እንዲህ በዋዛ አይለቅም።

«እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ይበቃኛል።»

«ስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

«አራት።»

«አራት ሰዓት አይበቃም እኮ። ምግብስ?»

«እበላለሁ። ካልተቃጠለኝ።»

«ድካም ይሰማዎታል?»

አይደክሜ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልመጣም። «ለምጄዋለሁ» አለች።

ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም። የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለች፣ ነፋች፣ አየች፣ እንደገና ለካች። መቶ ሰባ በመቶ አምስት ነበር። ከዚያ ወንበሯን ቀረብ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ምግብ መፍጨትና እንቅልፍ ወደ ኋላ ይባላሉ። ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ቀን ከሆነ ይህ የተፈጥሮ ጥበብ ነው። ሳይፈታ ዓመታት ሲቆይ ግን ራሱ በሽታ ይሆናል። ልብን ይጎዳል፣ ጨጓራን ያቃጥላል፣ ስኳር ያመጣል፣ ማስታወስን ይሰርቃል። «እርስዎ» አለች ሐኪሟ፣ «ሞተሩ እንደበራ የቆመ መኪና ሆነዋል። አይሄዱም፣ ግን ነዳጁ እያለቀ ነው።»

አይደክሜ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ቁጥሩን ነው። «የእህቴ ስንት ነበር?» አለች።

«የሌላ ሰው ምርመራ መናገር አልችልም።»

«ከኔ ግን አይበልጥም፣ አይደል?»

ሐኪሟ የግፊት መድኃኒት ጻፈችላትና ሌላ ወረቀት ጨመረችበት። «ለጊዜው ሁለት ሳምንት ያርፋሉ። ከዚያ ተመልሰው ይምጡና እንጨምራለን።»

ሁለት ሳምንት! አይደክሜ ደሟ ፈላ። ለሚጣ ስምንት፣ ለእሷ ሁለት። በሽታ ሳይቀር ለሷ ሲሆን ይቆነጠራል ማለት ነው? «እንጨምራለን» የሚለውን ጆሮዋ አልተቀበለውም። ደረጃውን ስትወርድ በሁለት ሳምንት ወረቀት ቤቷ ብትቀመጥ እናቷ ምን እንደምትል በልቧ ሰማችው፤ «ትንሽ ነው፣ ያልፍልሻል» ነበር የምትላት። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ከተተችው። መድኃኒቱን ገዛች፤ ሦስት ቀን ዋጠችና ረሳችው። እንዲህ ነው ሰው በቅናቱ መድኃኒቱን የሚጥለው። ከሐኪም ቤት በተመለሰች በነጋታው ሥራ ገባች፤ ለሆስፒታል የሚሄድ የመቶ ሃያ ጋዋን ሰማያዊ ጨርቅ በጠረጴዛ ሁለት ላይ አነጠፈችና እጅጌውን ቆርጣ፣ አስራ፣ ቲኬት አድርጋ መጋዘን ላከች።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከስፌት ክፍል አንዲት ሰፊ አንድ እሽግ ታቅፋ መጣች። «የቀኙ የታለ?» አለች።

«አብሮ ነው ያለው።»

«የለም። ፈትቼ አየሁት። ሌላውንም ፈታሁት።»

ሌሎቹም ሰፊዎች መጡ፣ ሁሉም ተፈታ። ሁለት መቶ አርባ እጅጌ ነበር፤ አንድም የቀኝ የለውም። የጨርቁ ፊት የሚያንጸባርቅ፣ ጀርባው ሻካራ ነው፤ ገልብጦ መስፋት አይቻልም። መቶ ሃያ ሐኪም በሁለት የግራ እጅጌ ጋዋን ለብሶ እንደሚታይ አንዷ ሰፊ ስትናገር ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አይደክሜ አልሳቀችም። ገና እሽጎቹን ስታይ ነው የገባት። ከሚጣ ጋር ሆና ሲያነጥፉ ጨርቁ በየጫፉ ይታጠፍ ነበር። ለብቻዋ ስትሆን ግን ጫፍ ደርሳ ትቆርጠዋለች፣ ጥቅሉን ይዛ አሥራ ሁለቱን ሜትር ትመለሳለች፣ ከመጀመሪያው ጫፍ እንደገና ትጀምራለች። ስልሳውም ፊቱን ወደ ላይ ሆነ፤ ከዚህ ሌላ ለብቻዋ የቆረጠችው ሁሉ ግራ ቀኝ የሌለው ሽርጥ ስለነበር አልታወቀም። ላዩ ላይ ያስቀመጠችው ደግሞ የለመደችውን አንዱን ልክ ነው። የቀኙን እጅ የምትሰጣት ሚጣ ነበረች፤ ይህን ሁለቱም ሳያውቁት ነው የኖሩት።

ኃላፊው ቲኬቱን ገልብጦ አየ። «ጠረጴዛ ሁለት» አለ። ትከሻው ወረደ፣ እፎይ አለ። «እኔ ደግሞ ያንቺ መስሎኝ ደንግጬ። የእህትሽ ነው። ከመታመሟ በፊት የቆረጠችው ይሆናል። እንዲህ ከሆነች መመለሷም ይቅር፤ እሷም ትረፍ፣ እኛም እንረፍ።»

አይደክሜ የተፈታውን እሽግ መልሳ ማሰር ጀመረች።

እውነቱ ይነገር፤ ደስ አላት። ሙሉ ደስታ አይደለም፤ ጥፋት የሠራ ልጅ ሌላው ሲገረፍ እንደሚሰማው ያለ ነው። ስምንት ሳምንትሽን ብይ እንግዲህ አለች በልቧ። ሾርባሽን ጠጪ። ቀኑን ሙሉ ያንን ይዛ ዋለች። ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ ልትናገር ተነሥታ ሁለቴ ተቀመጠች። ያችን ማታ ሰሌዳውን አላየችም። ቤቷ ገብታ ባሏ «ምነው?» ሲላት «ምንም» አለችው፤ እሱም ለምዶታልና አለፈው።

በማግስቱ ኃላፊው ጠራት። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አለ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ ማኅተም የተመታበት። «አንቺ ታላቋ ነሽ» አላት። «ከእኔ እጅ ከሚደርሳት ካንቺ ቢሆን ይሻላል። ቀስ አድርገሽ ትነግሪያታለሽ።»

ትልቋ፣ ያንን ሳህን አለቅልቂልኝ። ትልቋ፣ የእህትሽን ስንብት አድርሺልኝ። ደብዳቤውን ያዘች። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «አውቅ ነበር እንዲህ እንደምትዪ። ታላቅ እህት ማለት ይሄ ነው።»

«እየሸፈንኩላት አይደለም። እኔ ነኝ። በእሷ ቲኬት ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«አንቺ አትሳሳቺም።»

«ደክሞኛል» አለች።

ቃሉ እንዲህ ነው የወጣው፣ ያለ ምንም ዝግጅት። እሷ ራሷ ሰምታው ደነገጠች። ኃላፊው ግን አሁንም ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ጤነኛ መስላ ኖራ፣ ስትታመም የሚያምናት ጠፋ። ስሙን ያከበረችው እሷ፣ አሁን የሚያንቃትም ያው ስም ነው።

«ና» አለችው፣ መቁረጫ ክፍል ወሰደችው። ጠረጴዛ ሁለት አጠገብ ቆማ ጨርቁን እንዴት ለብቻዋ እንዳነጠፈች፣ የት እንደቆረጠች፣ እንዴት ወደ መጀመሪያው ጫፍ እንደተመለሰች አሳየችው። በትክክል አሳየችው። ኃላፊው ማመን የጀመረ መሰለ፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«እሺ፣ እንዲህ ካነጠፍሽ የቀኙ እንዲወጣ ምን ማድረግ ነበረብሽ?» አላት።

ቀላል ጥያቄ ነው። ጀማሪ ይመልሰዋል። አይደክሜ የእጅጌውን ካርቶን አነሣች። ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። አነሣችው። ገለበጠችው፣ መለሰችው፣ አዞረችው። ግራ የቱ ነው? የራሷን ክንዶች አየች፤ አንዱን አነሣች፣ ሌላውን አነሣች። ካርቶኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። ሰፊዎቹ ማሽኖቻቸውን አቁመው መጥተው ከበሩ ላይ ያይዋት ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

«ጠፋኝ» አለች።

ኃላፊው ካርቶኑን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደው። ክፉ ሰው አልነበረም። ደብዳቤውን ከሌላኛው እጇ ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ኮትሽን ልበሺ» አላት። በር ድረስ ሸኛት። አይደክሜ ብሎ አልጠራትም፤ ምን ብሎ እንደሚጠራት ግራ የገባው ይመስል ነበር።

በቀጥታ ሚጣ ቤት ሄደች። ቀትር ነው። ሚጣ ከአልጋ ወርዳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ሞላ ብሏል። እናታቸው ልብስ ታጥፋለች። አይደክሜ ከበሩ ሳታልፍ ሁሉንም ተናገረች፤ እጅጌውን፣ ቲኬቱን፣ ዝም ያለችበትን ቀን፣ ዝም ስትል ደስ እንዳላት ጭምር። «ቀንቼብሽ ነው» አለች። «በሾርባሽ። በአልጋሽ። በፀጉርሽ።»

ሚጣ ትቆጣለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሚጣ ግን አልተቆጣችም።

«እኔስ ምን ያሳመመኝ መሰለሽ?» አለች። «ስምሽ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እኮ ያንን ሰሌዳ ሳይ ነው የኖርኩት። አንቺ አሥራ ስድስት እሽግ ስትቆርጪ፣ እኔ አሥራ ሰባት ልቆርጥ እሞታለሁ።»

«አሥራ ሰባት ስትደርሺ እኔ አሥራ ስምንት እቆርጣለሁ።»

«አውቃለሁ። ምሳሽን ቆመሽ ስትበዪ እኔም ቆሜ መብላት ጀመርኩ። እማዬ ችግር ሲገጥማት የምትጠራው አንቺን ነው። እኔን ለሾርባ ነው የምትፈልገኝ። አንድ ቀን እኔንም ጎበዝ ብትለኝ ብዬ ነው።»

እናታቸው ያጠፈችውን ልብስ ፈታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ሁለቱንም አላየቻቸውም። «እኔ ለሁለታችሁም እኩል ነኝ» አለች፤ ግን ድምፅዋ እርግጠኛ አልነበረም።

አይደክሜ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ደክሞኛል» አለች። ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ አሁንም አልቀለላትም። «ዛሬ እኔ ጋ ነይና እደሪ።»

እናታቸው ልብሱን አስቀመጠች። ትልቋ ልጇን አሁን ገና ያየቻት ይመስል ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ተመለከተቻት፤ የሳሳውን ፀጉር፣ የገባውን ዓይን። ተነሥታ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎተተች።

«ሂጂላት» አለች ሚጣ። «እኔ እኮ ተሽሎኛል።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አይደክሜ ያንን አዟዟር አወቀችው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስታደርገው የነበረው ነው፤ አንገቱ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ጉንጩ የት ጋ እንደሚያም ታውቀዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ነገር አሁን አግኝታዋለች፤ እናቷ ሻንጣ እያሰረችላት ነው። እህቷ ደግሞ አሁን በእሷ ቀናች።

ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ላይ ወጥታ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ተኛችና በእጇ ባዶውን ቦታ መታ መታ አደረገች። «ነይ ሚጣ፣ ቦታ አለ።»

ሚጣ ትንሽ እንደመኩራት ብላ መጣች። ከጎኗ ጋደም አለች።

እናታቸው ሻንጣዋን ይዛ መሃል ቤት ቆማ ቀረች። «እና አሁን እኔ ወዴት ነኝ?» አለች። «ልሂድ ወይስ ልቀመጥ? ትልቋ፣ አንቺን እኮ ነው።»

ሚጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻት። ትልቋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።